ከጎን ወደ ስፋት፣ ከስፋት ወደ ጎን

የሁለተኛ እርከን ሂሳብ ያስተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ስህተት አለ። 7² ስንት ነው ሲባል ተማሪው 14 ብሎ ይጽፋል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ 49 ብሎ ያርመዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት 9² ሲመጣ ደግሞ 18 ይሆናል። "አላጠናም" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ይህ ስህተት በገጠርም በከተማም፣ እዚህም በውጭ አገርም መልኩን ሳይለውጥ የሚደጋገም ነውና ምክንያቱን ከልጁ ስንፍና አልፎ መፈለግ ይገባል።

መካነ ብርሃንን ይዤ ላስረዳ። የጃናሞራ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች የደጋ ከተማ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤት ናት። ተማሪዎቿ በአብዛኛው የገበሬ ልጆች ናቸው። መሬት ሲለካ፣ መሠረት ሲጣል፣ ካህናት በዓላትን በቀመር ሲያወጡ እያዩ ያድጋሉ። ርቢና ዘር የሚባሉት የሂሳብ ሐሳቦች በዙሪያቸው ሞልተዋል። ክፍል ሲገቡ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠብቃቸው ከቁጥር ራስጌ የተቀመጠ አንድ ትንሽ 2 ብቻ ነው።

ያ ትንሽ 2 ለልጁ ምን ይመስለዋል? እስከዚያ ድረስ የተማራቸው ቁጥሮች በሙሉ ብዛት ነጋሪዎች ነበሩ። ሁለት በግ፣ ሁለት ደብተር፣ ሁለት ጊዜ ሰባት። አሁን የመጣው 2 ግን ብዛትን አይነግርም፤ "ሰባትን በማባዛቱ ውስጥ ሁለት ቦታ አስቀምጠው" የሚል ትእዛዝ ነው። 7 × 7። ከታች ያለውን 7 መሠረት፣ ከላይ ያለውን 2 አርቢ እንበላቸው። ልጁ አርቢውን እንደ አባዥ ካነበበው 14 ማለቱ የማሰብ ውጤት ነው፤ በሚያውቀው መንገድ ሄዷል።

የመጀመሪያው ምሳሌ ብዙ ጊዜ 2² = 4 መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። 2 ሲደመር 2፣ 4 ነው። 2 በራሱ ሲባዛም 4 ነው። ከዜሮ በቀር ከራሱ ጋር ሲደመርና በራሱ ሲባዛ እኩል ውጤት የሚሰጥ ቁጥር 2 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከቁጥሮች ሁሉ ልዩነቱን የሚደብቀውን መርጠን ትምህርቱን እንከፍትበታለን ማለት ነው። የተሳሳተ ደንብ የያዘው ልጅ በዚያ ምሳሌ ትክክል ይሆናል፤ ይጨበጨብለታል፤ ደንቡም ይጸናበታል። እኔ ብጠየቅ በ5 እጀምራለሁ። እጥፉ 10፣ ዳግም ርቢው፣ ማለትም በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠው፣ 25 ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይቻልም።

ከዚያ ወደ ግቢው መውጣት ነው። ገመድና ጥቂት ችካል ይበቃል። በአምስት ሜትር ጎን ካሬ ይተከል፤ ከዚያው ማዕዘን ተነስቶ በአሥር ሜትር ጎን ሌላ ይተከል። ትንሹ በትልቁ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? ብዙ ልጆች ሁለት ይላሉ። በእግራቸው ዞረው ሲያዩት አራት ነው። ጎኑ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ሆነ፤ 25 ካሬ ሜትር የነበረው 100 ካሬ ሜትር። ሦስት እጥፍ ቢሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆን ነበር። የገበሬ ልጅ ይህን ወደ ራሱ ጉዳይ ሊያዞረው ይችላል፦ የማሳው ጎን በሁለቱም በኩል እጥፍ ከሆነ የሚታጠርበት ዙሪያ እጥፍ ሲሆን፣ የሚዘራው ገብስ ግን አራት እጥፍ ይሆናል። አጥርና ገብስ በአንድ ልክ እንደማያድጉ የገባው ተማሪ 7² ላይ 14 ለመጻፍ ይቸገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በጃናሞራ ተዳፋት ላይ እውነተኛ ካሬ የሆነ ማሳ ማግኘት ከባድ ነው፤ ማሳው እንደ ተራራው ይጠማዘዛል። ካሬ ሜትር የመለኪያው ቅርጽ ነው፤ የመሬቱ ቅርጽ ምንም ሊሆን ይችላል። ይህን ያልተረዳ ልጅ ስፋት ሲባል ሁልጊዜ ርዝመትና ወርድ ይፈልጋል፤ ሲያጣቸውም ግራ ይጋባል።

አንድ ሄክታር ማለት ጎኑ 100 ሜትር የሆነ ካሬ ስፋት ነው፤ 100² = 10,000 ካሬ ሜትር። ሩብ ሄክታር ጎኑ 50 ሜትር የሆነ ካሬ ነው፤ 50² = 2,500። ልብ በሉ፣ ስፋቱ ሩብ ሲሆን ጎኑ ሩብ አልሆነም፤ ግማሽ ሆነ። ከስፋት ተነስተን ጎንን ስንፈልግ ዳግም ዘር ውስጥ ገብተናል። ተማሪዎች "ስኩዌር ሩት" የሚሉት፣ በ√ ምልክት የሚጻፈው ይኸው የመልስ ጉዞ ነው። ስሙም ምልክቱም ያስፈራል፤ ጥያቄው ግን ተራ ነው፦ ስፋቱ ይህን ያህል የሆነ ካሬ ጎኑ ስንት ነው?

የጎረቤቱ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ኋላ ፓርኩ ሲሰፋ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። በስፋት ከሦስት እጥፍ ጥቂት ይበልጣል። ሁለቱንም ወደ ካሬ ብንለውጣቸው ግን የመጀመሪያው ጎን 11.7 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሁለተኛው 20.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎኑ እጥፍ እንኳ አልሞላም። "ሦስት እጥፍ ሰፋ" የሚል ወሬ የሰማ ሰው ድንበሩ ሦስት እጥፍ የራቀ ሊመስለው ይችላል፤ ዘር ያወቀ ልጅ ግን አይታለልም።

11.7 ከየት መጣ? ካልኩሌተር በሌለበት ክፍል ይህ ጥያቄ በደንብ ሊብራራ ይገባዋል፤ የመጽሐፍ ጀርባ ሠንጠረዥም ቢኖር መልሱን እንጂ መንገዱን አያሳይም። መጀመሪያ 136ን በሁለት የታወቁ ርቢዎች መካከል እናስገባዋለን፦ 11² = 121፣ 12² = 144። ስለዚህ ዘሩ በ11ና በ12 መካከል ነው፤ ወደ 12 ይጠጋል። 11.7 ብለን እንገምት። ግምቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ 136 ለ11.7 ሲካፈል ራሱን 11.7 ይሰጥ ነበር። ስናካፍለው 11.624 ገደማ ይሰጣል። አንዱ ጎን ትንሽ ረዘመ፣ ሌላው ትንሽ አጠረ ማለት ነው፤ በእጃችን ያለው ካሬ ለመሆን ጥቂት የቀረው አራት ማዕዘን ነው። የሁለቱን ጎኖች አማካይ እንውሰድ፤ 11.662። ይህን በራሱ ስናባዛው 136.002 ይሆናል። አንድ ግምት፣ አንድ ማካፈል፣ አንድ አማካይ፤ ፓርክን የሚያህል ነገር ሲለካ ከዚህ በላይ ማንም አይፈልግም።

ይህ ዘዴ የእስክንድርያው ሄሮን ስም ይነሳበታል፤ የኖረው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ባቢሎናውያን ደግሞ ከእሱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድመው የ2ን ዳግም ዘር በሸክላ ጽላት ላይ እጅግ በሚያስደንቅ ትክክለኛነት ጽፈውታል። ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ይህን መንገር የሚጠቅመው አንድ ነገር ስለሚያስረዳው ነው፦ ዘር የሚገኘው በሽምደዳ ሳይሆን ገምቶ በማረም ነው፤ የታላላቆቹም መንገድ ይኸው ነበር።

ጎንደር ከተማም የራሷ ጥያቄ አላት። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ በ900 ሜትር ቅጥር የተከበበ ነው። ይህ ቅጥር ፍጹም ካሬ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ጎን 225 ሜትር፣ ስፋቱም 225² ይሆን ነበር። በአምስት የሚያልቅ ቁጥር በራሱ ሲባዛ አቋራጭ አለው፤ አምስቱን ትተን የቀረውን ከሱ በአንድ በሚበልጠው እናባዛና መጨረሻው ላይ 25 እንጨምራለን። 22 × 23 = 506፤ ስለዚህ 50,625 ካሬ ሜትር፣ ከአምስት ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ። ልጆች ይህን አቋራጭ ይወዱታል። ከፍ ያለ ክፍል ሲደርሱ ለምን እንደሚሠራ ራሳቸው ያረጋግጡታል።

ከ14ቱ ስህተት ቀጥሎ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ √(9 + 16) ነው። የ9 ዘር 3፣ የ16 ዘር 4፤ ስለዚህ 7 ይላሉ። መልሱ 5 ነው፤ መጀመሪያ ተደምሮ 25 ይሆናልና። ይህን በደንብ ብቻ ማስረዳት አድካሚ ነው፤ የሚሻለው ግንበኛውን መጥራት ነው። ቤት ሲጀመር ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በስኳድራ፣ ወይም ስኳድራው ለትልቅ መሠረት ሲያንስ በሜትር ያረጋግጣል፦ በአንዱ ክር 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው ክር 80 ይለካና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ሰያፍ 100 ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው። 60² = 3,600፤ 80² = 6,400፤ ድምራቸው 10,000፤ የዚህም ዘር 100። ሰያፉ 140 አልሆነም። እንዴት ሊሆን ይችላል? 140 ማለት አንዱን ክር ጨርሶ በሌላው መሄድ ነው፤ ማሳ አቋርጦ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ ሁሉ አቋራጩ ከዙሪያው እንደሚያጥር ያውቃል።

አሁን ወደ አብነት ትምህርት ቤቱ እንሻገር። ካህናት በዓላትን በሚያወጡበት በባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር የሚባለው 532 ዓመት ነው፤ የ19 ዓመቱ ዙርና የ28 ዓመቱ ዙር ሲባዙ የሚገኝ። 532 የሙሉ ቁጥር ዳግም ርቢ ነውን? 23² = 529 ስለሆነ ለጥቂት አልሆነም። ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብንሰነጥቀው ምክንያቱ ይታያል፦ 532 = 2² × 7 × 19። ሁለቱ ጥንድ አለው፤ 7ና 19 ግን ጥንድ የላቸውም። የካሬ ስፋት ሁለት እኩል ጎኖች ስላሉት እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ለሁለቱ ጎኖች እኩል መዳረስ አለበት። ለሙሉ ርቢ የሚያበቃው ትንሹ አባዥ ማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ መምህር መልሱ የጎደሉት ናቸው፤ 7 × 19 = 133። ተባዝቶ 70,756 ይሆናል፤ ዘሩም 266 ነው። በፈተና ላይ በደረቁ ሲመጣ ልጅን የሚያስጨንቀው ጥያቄ እንዲህ ከሚያውቀው ቀመር ጋር ሲመጣ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የግእዝ ቁጥር አጻጻፍ ነው። ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የመጣው ይህ ሥርዓት ለአሥር ፲፣ ለመቶ ፻ አለው። ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም፤ አሥር መቶ ተብሎ ፲፻ ይጻፋል። ከዚያ ለአሥር ሺህ እንደገና ምልክት አለው፤ እልፍ፣ ፼። ምልክቱን አስተውሎ ላየው ሁለት ፻ ተያይዘው ነው። ሺህን ለምን ዘለለ? ሰንሰለቱን በርቢ እንየው። አሥር በራሱ ሲባዛ መቶ፤ መቶ በራሱ ሲባዛ እልፍ፤ እልፍ በራሱ ሲባዛ ፼፼፣ መቶ ሚሊዮን። እያንዳንዱ የፊተኛው ዳግም ርቢ ነው። በዘመናዊው አጻጻፍ 10¹፣ 10²፣ 10⁴፣ 10⁸ ይሆናሉ፤ አርቢው በየደረጃው እጥፍ ይሆናል። ሺህ በዚህ ሰንሰለት ላይ የለም፤ ዘሩም ሙሉ ቁጥር አይደለም፣ 31.6 ገደማ ነው። ቅድም ያነሳነው ሄክታር ልክ ፼ ካሬ ሜትር መሆኑን፣ የግንበኛውም 60 እና 80 በርቢ ተደምረው ፼ ላይ መድረሳቸውን ልጆቹ ራሳቸው እንዲያገኙት ቢተዉ ደስ ይለኛል።

የአርቢ ደንቦችም ከዚሁ ይወጣሉ። መቶ እልፍ፣ ፻፼፣ አንድ ሚሊዮን ነው። 10² × 10⁴ = 10⁶፤ አርቢዎቹ ተደመሩ። ተማሪው ብዙ ጊዜ 2ን በ4 አባዝቶ 10⁸ ይላል። 10⁸ የሚመጣው መቶ አራት ጊዜ ሲባዛ፣ ማለትም (10²)⁴ ሲሆን ነው። በአንዱ ሁለት ቡድኖች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በሌላው አንዱ ቡድን አራት ጊዜ ይደጋገማል። ዜሮዎቹን በጣት ማስቆጠር ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፤ ፻፼ ሚሊዮን ሲሆን ፼፻ እልፍ ከመቶ፣ 10,100 ነው።

በውጭ አገር መጻሕፍት "የኢትዮጵያ ማባዛት" ተብሎ የሚታወቅ ዘዴም አለ፤ የጥንት ግብጻውያን በፓፒረስ ላይ ከተዉልን ስሌት ጋር መርሁ አንድ ነው። ማጠፍ፣ ማጋመስና መደመር ብቻ ይበቃዋል። 13ን በ13 እናባዛ። በግራ 13ን እናጋምስ፣ ትራፊውን እየጣልን፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 13ን እናጥፍ፦ 13፣ 26፣ 52፣ 104። በግራ ለሁለት እኩል የማይካፈለው ቁጥር ካለበት መስመር የቀኙን እንውሰድ፤ 13፣ 52ና 104። ድምሩ 169፤ ይህም 13² ነው። ምስጢሩ 13 ማለት 1 + 4 + 8፣ ወይም 2⁰ + 2² + 2³ መሆኑ ነው። 2⁰ ለምን 1 እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የመጀመሪያው መስመር ገና ያልታጠፈው ነው። ዜሮ ጊዜ ታጠፈ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ አለ። 2⁰ን ዜሮ የሚያደርግ ልጅ ያንን መስመር ሰርዞ ቢደምር 156 ያገኛል፤ ስህተቱን ራሱ ያየዋል።

ከ1 በታች መውረድም ይቻላል። 8፣ 4፣ 2፣ 1 እያልን በማጋመስ ከቀጠልን ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ ይመጣሉ፤ 2⁻¹፣ 2⁻²፣ 2⁻³። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተቀረጹት የብር አላድ (ግማሽ)፣ ሩብና ስምንተኛ ልክ እነዚህ ነበሩ። ነጋቲቭ አርቢ መልሱን ነጋቲቭ አያደርግም፤ ብርን መሸራረፍ ዕዳ አያመጣምና።

ማጠፍና ማጋመስን ያነሳሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ተዘጉ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ዛሬ ርቢ የሚማሩ ብዙ ልጆች የማባዛት ሠንጠረዥ በሚጠናባቸው ዓመታት ከክፍል ውጭ ነበሩ። 7 × 8 የማይወጣለትን ልጅ ለ7² ወይም ለ√56 መውቀስ ፍትሕ አይደለም። እንዲህ ላለው ተማሪ ሠንጠረዡን እስኪሞላ ድረስ ርቢን ማስቆየት ሌላ ዓመት ማባከን ነው። ማጠፍ፣ ማጋመስና መደመር ከቻለ በዚያ ዘዴ ማንኛውንም ዳግም ርቢ ማውጣት ይችላል፤ ሠንጠረዡም እግረ መንገዱን ይሞላለታል። ፈታኙ የሚጠይቀው መልሱን ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወረቀት ልጁ በየትኛው መንገድ እንደደረሰ አያይም።

ይኸው የማጠፍ ዘዴ ለትላልቅ አርቢዎችም ይሠራል። 1,000 ብር በዓመት 7 ከመቶ በሚከፈልበት የቁጠባ ሂሳብ ገባ፤ ወለዱም ሳይወጣ እየተጨመረ ቆየ እንበል። በየዓመቱ ገንዘቡ በ1.07 ይባዛል። ከአሥር ዓመት በኋላ 1,000 × 1.07¹⁰ ነው። በየዓመቱ 70 ብር ብቻ የሚጨመር የመሰለው ሰው 1,700 ይላል፤ ስህተቱ 7²ን 14 ካለው ልጅ ስህተት ጋር አንድ ነው፤ ማባዛትን በመደመር ተክቶታል። አሥር ጊዜ ማባዛት አያስፈልግም። 1.07 በራሱ 1.1449፤ ያ በራሱ 1.3108፤ ያም በራሱ 1.7182። የደረስነው ስምንተኛ አርቢ ላይ ነው። 10 ማለት 8 + 2 ስለሆነ 1.7182ን በ1.1449 እናባዛዋለን፤ 1.967። አራት ማባዛት፣ 1,967 ብር፤ ገንዘቡ ሊታጠፍ ምንም አልቀረውም። ሃያ ዓመት ቢቆይ ደግሞ ከመነሻው መጀመር አይጠበቅብንም፤ 1.967ን በራሱ ማባዛት ብቻ ነው፤ 3,870 ብር ገደማ ይሆናል።